ግጦሽ የወጣች ላም ምን ጎደላት? በመሐል አዲስ አበባ የአንድ በረት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በመሐል አዲስ አበባ ከብት ማርባት እየቀነሰ ቢሄድም አልጠፋም። ከቆርቆሮ አጥር ጀርባ ሁለት ሦስት ጥገት የሚያልቡ ቤተሰቦች አሁንም አሉ። አብዛኞቹ ላሞቻቸውን ዓመቱን ሙሉ በረት ውስጥ አስረው ይቀልባሉ። ጥቂቶቹ ግን በወንዝ ዳር ወይም ሰፊ ግቢ ባለው መሥሪያ ቤት በሚገኝ ሣር ላይ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ያሰማራሉ። ይህ ጽሑፍ ከነዚህ ጥቂቶች የአንዱን በረት ጉዳይ ይመለከታል። የሆነውም በወንዙ ዳርቻ የልማት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው።

ጉዳዩን የጻፍኩት ብዙዎቻችን ሳንመረምር የምንቀበለውን አንድ እምነት ስለሚፈትን ነው። ሜዳ ላይ የዋለች ላም ደኅና ናት፣ በረት የዋለች ላም ተበድላለች እንላለን። እኔ ራሴ ለግጦሽ አደላለሁ፤ ላም ለመራመድና ለመጋጥ የተፈጠረች እንስሳ ናትና። በዚህ በረት ግን በየቀኑ ሣር ላይ የሚውሉት ላሞች እየከሱ ነበር፤ የክሳታቸው ዋና ምክንያት ደግሞ የሣሩ ማነስ አልነበረም።

ዳራ

የበረቱ ባለቤት በቀበና ወንዝ አቅራቢያ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ እማማ እያለ የሚጠራቸው በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሥራውን በአንዲት የሐበሻ ላም ነው የጀመሩት። እኔ በደረስኩበት ጊዜ አምስት ጥገት፣ ሁለት ጊደርና ጥቂት ጥጆች ነበሯቸው። ሒሳቡንና ግዢውን የሚመራው ትልቁ ልጃቸው ነው። ላሞቹን የሚያሰማራውና በረቱን የሚጠርገው ከገጠር የመጣ ወጣት እረኛ ሲሆን፣ የሚያድረውም ከበረቱ ጋር በተያያዘች ክፍል ነው። ወተቱ በኮንትራት ለጎረቤት ይሸጣል፤ ደንበኞቹ ጠዋት በሃይላንድ ጠርሙስ እየወሰዱ በወር ይከፍላሉ።

ጥገቶቹ የሆልስታይን ፍሪዥያን ክልሶች ናቸው። ይህ ደም ወደ አገራችን በብዛት መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 በተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት በኩል ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ከብቶች በስጦታ ከመጡ ወዲህ ነው። ነገሩን የማነሣው ለታሪክነቱ ብቻ አይደለም። የሐበሻ ላም ጥማትን፣ ረጅም መንገድንና የበጋን ድርቀት በትውልዷ ለምዳዋለች፤ በቀን ሁለት ሊትር ወተት ሰጥታ ብትውልም አይጎዳትም። በቀን 10 ወይም 12 ሊትር የምትታለብ ክልስ ግን በውኃም በመኖም ዕዳዋ ሌላ ነው። እማማ ላም ማርባትን የተማሩት በመጀመሪያዪቱ ዓይነት ላይ ነበር፤ አሁን የሚያረቡት ሁለተኛዪቱን ነው።

ከአምስቱ ጥገቶች አራቱ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ወንዝ ዳር ይውላሉ። አምስተኛዋን ልጃቸው ተበድሮ በውድ የገዛት ስለሆነ ከበረት አትወጣም። በአጭር ገመድ ታስራ ከሱሉልታ የሚመጣ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይቀርብላታል። ሌሎቹም ማታ ድርቆሽ፣ ጥቂት ፉርሽካና ከጠላ ቤት የሚመጣ አተላ ያገኛሉ።

ችግሩ

የተጠራሁት በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ በመጋቢት ነው። ቡሬ የሚሏት ጥቁርና ነጭ ላም ታነክሳለች፤ ለግጦሽ የሚወጡት የአራቱ ላሞች ወተት ቀንሷል፤ ዳለቻ የምትባለው ደግሞ የጎድን አጥንቷ በሩቅ ይቆጠራል። ጎረቤትም ስለ እበት ሽታ ለወረዳው አመልክቷል።

እናትና ልጅ በመፍትሔው አይስማሙም። ልጁ ግጦሹ ይቅር ይላል። መንገዱ እግር ይሰብራል፣ መኪና ያስፈራል፣ ሣሩም ቢሆን ከፌስታል የተረፈ ነው ባይ ነው። እማማ ደግሞ በዚህ አይደራደሩም። «ልጄ፣ ላም የምትታለበው በአፏ ነው። አረንጓዴ ነገር ሳትቀምስ የምትውል ላም እኔ ቤት አትኖርም» አሉኝ። በረት የምትውለው የልጃቸው ላም ከሁሉም የበለጠ መታለቧ ግን የልጁን ክርክር አጠንክሮለት ነበር። እኔም የቡሬን እግር አክሜ ከመሄድ ይልቅ የሁሉንም ደኅንነት በሥርዓት ለመመርመር ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ሁለቱም ተስማሙ።

እንዴት ተመዘነ

የእንስሳት ደኅንነት ምዘና ረጅም መንገድ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝ የብራምቤል ኮሚቴ ያቀረበው ሪፖርት፣ እንስሳት ቢያንስ የሚነሡበት፣ የሚተኙበት፣ የሚዞሩበትና እግራቸውን የሚዘረጉበት ቦታ ሊያገኙ ይገባል አለ። ከዚያ የተነሡት አምስቱ ነጻነቶች ከረሃብና ከጥም፣ ካለመመቸት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት መዳንን፣ እንዲሁም ተፈጥሯዊ ጠባይን መግለጽን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውሮፓ የወጣው ዌልፌር ኳሊቲ የተባለው የምዘና ሥርዓት ደግሞ ክብደቱን ከበረቱ ወደ እንስሳዋ አዞረ፤ መጠለያው ምን እንደሚመስል ብቻ ሳይሆን የላሟ ገላ ምን እንደሚናገር ይጠይቃል። ያም ሆኖ ግጦሽን የሚመዘግበው ላሟ በዓመት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትወጣ በመቁጠር ነው። በዚያ መስፈርት የእማማ አራት ላሞች ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙ ነበር።

ስለዚህ ከዚያ ሥርዓት ለዚህ በረት የሚሆነውን ወሰድኩ፤ ላሞቹንም ከጠዋት አለባ ጀምሮ ተከትያቸው ዋልኩ። ግጦሽ ላይ የምትውልን ላም በረት ውስጥ ብቻ ቆሞ መመዘን ግማሽ ቀኗን መተው ነው።

የሰውነት አቋምን ከ1 (እጅግ የከሳች) እስከ 5 (እጅግ የወፈረች) ባለው ነጥብ በእጅ እየዳሰስኩ ሰጠሁ። ዓይን ብቻውን ያታልላል፤ ጠጉር የበዛባት ላም የወፈረች ትመስላለች። የጀርባዋን አጥንት ዳርና የጭራዋን ሥር ስትዳስስ ግን ስብ መኖር አለመኖሩ ወዲያው ይታወቃል። አረማመዳቸውን በደልዳላ ቦታ፣ ከጎንና ከኋላ ሆኜ አየሁ። ስትቆም ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ስትራመድ ግን የሚጎብጥ ላም ማነከስ ጀምራለች፤ ባለቤቷ ገና ባያስተውለውም። የኋላ እግራቸውን ቁርጭምጭሚት እብጠትና ጠጉሩ የተመለጠ ቦታ ፈለግሁበት። የጡታቸውንና የታፋቸውን ንጽሕና መዘገብኩ። ከእያንዳንዱ ጡት ወተት አልቤ በካሊፎርኒያ የጡት በሽታ መመርመሪያ አየሁት፤ ፈሳሹ ሲጨመርበት የሚወፍር ወተት ከታመመ ጡት የመጣ ነው።

የመሸሽ ርቀትንም ለካሁ። ላሟ ግርግሟ ላይ ቆማ ሳለ ከ2 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት፣ በሰከንድ አንድ እርምጃ፣ የእጅን ጀርባ ወደ ፊት ዘርግቶ መቅረብ ነው። ራሷን ያሸሸችበት ቦታ ይመዘገባል። ይህንኑ እማማም እረኛውም እንዲያደርጉት ጠየቅሁ።

በመጨረሻ መኝታቸው ላይ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ሱሪዬ ረጥቦ ከተነሣሁ ላሟም ረጥባ ታድራለች ማለት ነው።

የተገኘው

በመጀመሪያ ስለ ግጦሹ መልካሙን ልናገር። ወንዝ ዳር የወጡት ላሞች ጠባይ የሚያስደስት ነበር። ጎን ለጎን ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ይግጣሉ፤ ከቀትር በፊት ደረቁ ዳገት ላይ አብረው ተኝተው ያመሰኳሉ፤ ቦራና ቡሬ አንዷ የሌላዋን አንገት ስትልስ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ከአራቱ የሦስቱ ቁርጭምጭሚት ንጹሕ ነበር። በረት የምትውለው ላም ግን የሁለቱም ኋላ እግሮቿ ቁርጭምጭሚት አብጧል፤ ሰኮናዋ ረዝሞ ወደ ላይ ተቆልምሟል፤ ጡቷ በእበት ተለብጧል፤ ከአራቱ ጡቶቿም የሦስቱ ወተት መመርመሪያው ላይ ወፈረ። ላም ስትነሣ በመጀመሪያ ኋላዋን ታነሣለች፤ ለዚህም ራሷን ወደ ፊት መወርወር አለባት። የዚህችኛዋ ገመድ አጭር በመሆኑ ይህን ማድረግ ስለማትችል በእያንዳንዱ አነሣሥ ቁርጭምጭሚቷን ከሲሚንቶው ጋር ታፋትገዋለች። እኔ እያየሁ ልትነሣ ሞክራ ተመልሳ ወደቀች፤ ሁለተኛ ስትሞክር ነው የቆመችው። ወተቷ ብዙ መሆኑ ይህን ሁሉ ሸፍኖት ነበር።

የሰውነት አቋምን ስንመለከት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በረት የምትውለው 3 ሆነች። ግጦሽ የሚወጡት 2 እና 2.25 ላይ ናቸው፤ ዳለቻ 1.75 ናት። ሣሩ በመጋቢት ደርቆ አንሷል፤ እሱ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን ማታ የሚቀርብላቸውን ድርቆሽ አልጨረሱትም። የተራበች ላም ድርቆሽ አትተውም። መልሱን ያገኘሁት 9 ሰዓት ላይ፣ ሲመለሱ ነው።

ላሞቹ ከበሩ ሲገቡ ወደ መኖው አልሄዱም። አራቱም ወደ ውኃው ሮጡ። ውኃው በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ ነው፤ ሲሞላ 100 ሊትር ገደማ ይይዛል። ቡሬ እያነከሰችም ቢሆን ቀንዷን አስቀድማ ገባች፤ ቦራ ተከተለች። የተጠማች ላም በደቂቃ ከ10 ሊትር በላይ መጠጣት ትችላለች። ሦስተኛዋ ላም ስትጠግብ በርሜሉ ባዶ ሆነ። ዳለቻ የቀረውን ጭላጭ ላሰችና ራሷን ቀና አድርጋ ቆመች። በሰፈሩ ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ፈረቃው አልነበረም። በጀሪካን የተቀመጠው ለቤተሰቡ ነው። ዳለቻ የጠጣችው ሌሊት ቧንቧው ሲንጠባጠብ በርሜሉ ከሞላ በኋላ ነው።

ስድስቱን ሰዓት ደግሞ ወንዙ አጠገብ ናቸው፤ ከወንዙ ግን አይጠጡም። የቀበና ውኃ የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚገባበት በመሆኑ እማማ እረኛውን አጥብቀው ከልክለውታል፤ ልክም ናቸው። ስለዚህ እነዚህ ላሞች ውኃ እያዩ ተጠምተው ይውላሉ። ከወተት 87 በመቶ ገደማው ውኃ ነው። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም በደረቅ መኖ ላይ ሆና ከ50 እስከ 70 ሊትር ውኃ ትፈልጋለች። ውኃ ያላገኘች ላም ደረቅ መኖ መብላት ትቀንሳለች፤ ድርቆሹ የተረፈው፣ ገላቸው የቀነሰው፣ ወተቱም የወረደው በዚህ ነው። በረት የምትውለው ላም ወፈር ያለችው መኖዋ ስለተሻለ ብቻ አልነበረም፤ ባልዲዋ ሁልጊዜ ከፊቷ ስለነበር ጭምር ነው።

ሌላው መንገዱ ነው። ከበረት እስከ ወንዙ ያለው መንገድ በኮብልስቶን የተነጠፈ ቁልቁለት ነው። ቡሬ በአረማመድ ነጥብ (ቁጥሩ ሲጨምር ማነከሱ የባሰ ነው) 3 አገኘች፤ በሰኮናዋ መካከል ተሰንቅሮ የቆየ ጠጠር አውጥቻለሁ። በዕድሜ የገፋችው አራተኛዋ ላምም ጀርባዋ መጉበጥ ጀምሮ ነበር። ቁልቁለቱ በራሱ ብዙም ባልጎዳቸው፤ የሚጎዳቸው እየተነዱ መውረዳቸው ነው። ላም በራሷ ፍጥነት ስትሄድ አንገቷን ደፍታ የፊት እግሯን የምታሳርፍበትን ትመርጣለች፤ የኋላውም እዚያው ያርፋል። ከኋላ በዱላ ስትነዳ ራሷን ቀና ስለምታደርግ መሬቱን አታየውም።

ዱላውን የመሸሽ ርቀቱም አረጋገጠ። እማማ ሲቀርቡ ከአራቱ ሦስቱ ግንባራቸውን አስነኩ። እረኛው ሲቀርብ ሁሉም ከአንድ ሜትር በላይ ርቀው ሸሹ። ይህን ስነግራቸው እማማ እረኛውን ሊቆጡት ቃጣቸው፤ እኔ ግን እግሩን እንዲያዩ ጠየቅኋቸው። የተቀደደ የፕላስቲክ ጫማ ነው ያደረገው። ዝናብ ሲመጣ የሚለብሰው የለውም። መንገዱ ላይ ሚኒባሶች ጡሩምባ ይነፉበታል፤ ላም መንገድ ከዘጋች የሚሰደበው እሱ ነው። ላሞቹን የሚያሮጣቸው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን፣ መንገዱን በፍጥነት ማለፍ ለእሱም ለላሞቹም ደኅንነት መስሎ ስለታየው ነው። የእረኛን ኑሮ ሳይጠይቁ የላምን ደኅንነት መመርመር እንደማይቻል ከዚህ ጉዳይ በላይ ያሳመነኝ የለም።

ሦስተኛው ጾሙ ነው። በጾም የወተት ደንበኛ ይቀንሳል፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው ፉርሽካው ነው። ላሟ ግን አትጾምም፤ ጡቷ ውስጥ ያለው ወተት የሚቆመው ገላዋን ከጨረሰ በኋላ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

ውኃው ቀደመ። ልጁ ያገለገለ ሮቶ ገዝቶ ውኃ በሚመጣበት ሌሊት እንዲሞላ አደረገ። ሁለት በርሜሎች በቁመት ተሰንጥቀው ገንዳ ሆኑ፤ ተራርቀውም ተቀመጡ። ሁለት ገንዳ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ቡሬ ሁለቱንም ትይዛቸው ነበር። ላሞቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ከጠዋቱ አለባ በኋላ፣ እስኪጠግቡ እንዲጠጡ ተደረገ። ጠዋት በሞቃት ወተት ባልዲ አጠገብ ቀዝቃዛ ውኃ ማጠጣት ያሳምማል የሚል ፍርሃት በቤቱ ነበር፤ እማማ ለጥቂት ቀን ካዩ በኋላ ተዉት።

ግጦሹ አልቀረም፤ ቦታውና ሰዓቱ ተለወጠ። በአቅራቢያው ሰፊ ግቢ ያለው አንድ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ሣሩን በገንዘብ ያሳጭድ ነበር። ልጁ ለኃላፊው ማመልከቻ ጽፎ፣ ላሞቹ በቀን ሦስት ሰዓት ገብተው እንዲግጡ፣ እበቱም እዚያው ለአትክልቱ እንዲቀር ተስማማ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ነበር፤ ለጥበቃው በየጠዋቱ ግማሽ ሊትር ወተት እየተሰጠ ገንዳ ተሞላ። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ፌስታልም የለም። መውጫው ወደ 4 ሰዓት ተገፋ፤ ተማሪውና ሠራተኛው ገብቶ መንገዱ ሲቀል ማለት ነው።

ለእረኛው ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ ተገዛለት። ዱላው እንዲቀር አልጠየቅሁም፤ መንገድ ላይ እጁን ዘርግቶ መኪና የሚያስቆምበት ነው። ከላሞቹ ኋላ ሳይሆን ቦራን አስቀድሞ በጎን እንዲሄድ ተስማማን። ቦራ መሪ ናት፤ እሷ ስትሄድ ሌሎቹ ይከተላሉ። የጨው ቁራሽም ሰጠሁት፤ ሲመለሱ ከእጁ እንዲልሱ።

የሁሉም ሰኮና በእንስሳት ጤና ረዳት እጅ ተከረከመ። የልጁ ላም ከአጭር ገመድ ተፈትታ በአጠና በተከለለ ጠባብ ቦታ ያለ ገመድ እንድትሆን ተደረገ። ልጁ ለግጦሽ እንድትወጣ አልፈቀደም፤ ዕዳዋ ስላላለቀ አልፈረድኩበትም። መኝታው ላይ ከአናጢ ቤት በነጻ የሚገኝ ሰጋቱራ ተበተነ።

ስለ ጾሙ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ላም ከመውለዷ በፊት ለሁለት ወር ገደማ ከአለባ ማረፍ አለባት። እርግዝናዋ 280 ቀን ያህል ነው። ስለዚህ በሐምሌ መጀመሪያ የተዳቀለች ላም በፋሲካ አካባቢ ትወልዳለች፤ ዕረፍቷ ከጾሙ ጋር ይገጥማል፤ ወተቷ የሚበዛውም ደንበኛው በሚመለስበት ጊዜ ይሆናል። እማማ ይህን ሲሰሙ «እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልነገረኝም?» አሉ። የማያመልጠው ነገር፣ በዕረፍት ላይ ያለች ላም መኖዋ ሊቀነስ አይገባም። ስትታለብ ያጎደለችውን ገላ ያኔም መመለስ አለባት፤ ጥጃዋም በሆዷ በፍጥነት የሚያድገው በነዚያ ሁለት ወራት ነው።

የሠራውና ያልሠራው

ከሁሉ ቀድሞ የሠራው ውኃው ነው፤ በሳምንት ውስጥ ድርቆሽ መትረፍ ቆመ። በጥቅምት ምዘናውን በሙሉ ስደግመው ግጦሽ ወጪዎቹ 2.5 እና 2.75 ደረሱ፤ ዳለቻም 2.5 ሆነች። በእርግጥ ከክረምት በኋላ ሣሩ ለምልሞ ነበር፤ ለውጡን ሁሉ ለውኃው መስጠት ተገቢ አይደለም። የዳለቻ ለውጥ ግን ከሌሎቹ ይበልጥ ነው፤ ሣሩን ደግሞ ሁሉም እኩል ግጠውታል። ቡሬ ማነከሷን ተወች። ከእረኛው የመሸሽ ርቀታቸው አጠረ፤ ቦራ ጨው ያለበት መስሏት እጁን ስትልስ አይቻለሁ።

ሰጋቱራው ግማሽ መንገድ ነው የሄደው። በበጋ መልካም ነበር። በሐምሌና በነሐሴ ግን ወፍሮ የተበተነው እየረጠበ ከሥር ሲሞቅ ለጡት በሽታ መራቢያ ሆነ፤ ከግጦሽ ወጪዎቹ አንዷ በነሐሴ ጡቷ አብጦ ታከመች። ከዚያ ወዲህ ሳሳ ተደርጎ በየቀኑ የሚለወጥ ሆኗል። ሥራው ለእረኛው በዝቶበታል፤ ይህን የሚያቀል ዘዴ አላገኘንም።

የልጁ ላም ቁርጭምጭሚት እብጠቱ ጎደለ፤ በአንድ ሙከራ ትነሣለች። ከሦስቱ የታመሙ ጡቶች አንዱ ግን በጥቅምትም ወተቱ ይወፍር ነበር። በሕክምናም አልጠራም። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሲሚንቶው እርጥብ ነው። በዚህ በረት ስፋት ለእሷ ከዚህ የተሻለ ማድረግ አልቻልንም።

በዕድሜ የገፋችው ላም አላገገመችም። ውኃም ሣርም አግኝታ ሆዷ በየጊዜው ይነፋ ነበር፤ ማመስኳቷም ተቋረጠ። ለሥጋ ተሸጠች። ሥጋ ሻጩ ትልቁን ጨጓራዋን ሲከፍት ፌስታልና የማዳበሪያ ከረጢት ክር አንድ ላይ ተጠቅልለው ጨፍረር ያለ ትልቅ ድቡልቡል ሆነው እንዳገኘ ለልጁ ነገረው። ለዓመታት በወንዝ ዳር የተጠራቀመ ነው። ላም ሣርን በምላሷ ጠቅልላ ስለምትነጭ ከሣሩ ጋር ያለውን መለየት አትችልም፤ በጨጓራዋ የገባ ፌስታል ደግሞ አይፈጭም፣ አይወጣምም። ይህን በምዘናዬ ዕለት በገላዋ ላይ የሚያሳይ ምልክት አልነበረም።

አንድ ያልጠበቅነው ነገር በጥቅምቱ ምርመራ ተገኘ። እበታቸው በቤተ ሙከራ ሲታይ የጉበት ትል እንቁላል ወጣ። የጉበት ትል በደጋ አገር ረግረግ በሚወድ ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ይተላለፋል፤ የወንዝ ዳር እርጥብ ሣር ለዚህ ምቹ ነው። አዲሱ ግቢ ደረቅ ስለሆነ ምንጩ የቀድሞው ቦታ ይመስለኛል። መድኃኒት ተሰጣቸው።

ለሌሎች በረቶች የሚሆነው

ግጦሽ ያለበትን በረት የምትመዝን ባለሙያ ሁሉ ላሞቹ ስንት ሰዓት ሜዳ ላይ ዋሉ ከማለትህ በፊት በነዚያ ሰዓታት ውኃ የት ነው ብለህ ጠይቅ። ከጠየቅህ በኋላም ሲመለሱ በሩ ላይ ቁም። ወደ መኖ ከሄዱ ጠጥተው ውለዋል። ወደ ገንዳ ከሮጡ አልጠጡም። ይህ ምርመራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ ጊዜው ደግሞ ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። የመጨረሻዋ ላም ጠጥታ እስክትጨርስ ግን መቆየት ያስፈልጋል፤ የበረቱ ጉድለት ሁሉ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነውና። አማካይ ነጥብ እሷን ይሰውራታል። የእማማ አምስት ጥገቶች አማካይ አቋም በመጋቢት 2.25 ነበር፤ ይህ ቁጥር ስለ ዳለቻ ምንም አይናገርም።

ግጦሽንና በረትን ማወዳደር እዚህ ቤት አልጠቀመም። እናትም ልጅም በከፊል ልክ ነበሩ። ሜዳው ለእግርና ለጠባይ ሰጠ፣ ለጥምና ለሆድ ነሣ፤ በረቱ መኖና ውኃ ሰጠ፣ መነሣትና መተኛትን ነሣ። ክርክሩ የቆመው እያንዳንዷ ላም ከአንገት እስከ ሰኮና ተዳስሳ ወረቀቱ ፊታቸው ሲቀመጥ ነው። አምስት ላም ለማስረጃነት ጥቂት ናት፤ ለአንድ ቤተሰብ ውሳኔ ግን በቂ ሆናለች።

ምዘናው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንዱ በዐቢይ ጾም፣ ሌላው ከክረምት በኋላ። በመስከረም የሚመዘን በረት ሁሉ ያምራል። ፌስታል በሚጣልበት ቦታ የሚግጡ ላሞች ካሉ ደግሞ የገላ ምርመራ ዘግይቶ ነው የሚነግረን፤ እዚያ ላይ ቦታውን ራሱን መርምሮ መከልከል ይሻላል።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በከተማዋ መሐል የኮሪደርና የወንዝ ዳርቻ ልማት ሥራዎች ሲካሄዱ ብዙ የከብት ቤቶች ተነሥተዋል፤ ያሉትም አንሰዋል። እማማ አሁን ሦስት ጥገት ነው የቀራቸው፦ ቡሬ፣ ዳለቻና የልጃቸው ላም። ዳለቻ በሐምሌ ተዳቅላ በፋሲካ ማግስት ወለደች። ለግቢው የተሰጠው ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ ልጁም ማመልከቻውን በመስከረም ይጽፋል። ባለፈው ጊዜ በማመልከቻው ላይ የራሱን ላም ጨምሮ ሦስት ከብት ብሎ ሞልቷል።